ለቬትናም የእንግሊዝኛ መምህራን በበጎ ፈቃድ ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆቹን ማስተማር እየተቻለ ለምን መምህራኑን?

ሒሳቡን ይሥሩት። እ.ኤ.አ. በ2018 በጸደቀው የቬትናም ሥርዓተ ትምህርት የውጭ ቋንቋ (በአብዛኛው እንግሊዝኛ) ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ግዴታ ነው፤ በአንደኛ ደረጃ በሳምንት 4 ክፍለ ጊዜ ይሰጣል። የአንደኛ ደረጃ መምህር የሳምንት ድርሻ 23 ክፍለ ጊዜ ስለሆነ አንዲት መምህርት አምስት ወይም ስድስት ክፍል ትይዛለች። በአንድ ክፍል እስከ 35 ልጅ አለ። አንዲት መምህርት ስትሻሻል ወደ 200 የሚጠጉ ልጆች ይጠቀማሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አዲሶቹ።

መምህራኑ ጀማሪ ተማሪዎች አይደሉም። በሰዋስው ዕውቀት ብዙዎቹ ከመጣላቸው በጎ ፈቃደኛ ይበልጣሉ። እነሱ የተማሩበት ዘመን ፈተና ሰዋስውና ንባብ ስለነበር የጎደላቸው መናገር፣ መስማት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክፍለ ጊዜውን በእንግሊዝኛ መምራት ነው። መንግሥት ባለ 6 ደረጃ የቋንቋ መለኪያ አለው፤ ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ2 (ከፍተኛ) ካለው ከአውሮፓው መለኪያ ጋር ይመሳሰላል። የአንደኛና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህር 4ኛውን ደረጃ (ቢ2)፣ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህር 5ኛውን (ሲ1) እንዲይዝ ይጠበቃል። ስለዚህ ወደ ሥልጠናው የሚመጡት ተጨባጭ ጭንቀት ይዘው ነው።

እንግሊዝኛ አፍ መፍቻዬ አይደለም። ይቀበሉኛል?

በሕግ በኩል በሩ ዝግ አይደለም። የቬትናም የቋንቋ ማሠልጠኛ ማዕከላት ደንብ አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ ካልሆነ መምህር የሚጠይቀው ቢያንስ የኮሌጅ ዲፕሎማ፣ 5ኛ ደረጃ (ሲ1) የቋንቋ ማስረጃና የማስተማር ሥልጠና የምስክር ወረቀት ነው። ዲግሪው ራሱ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። በአይልትስ (ዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ሲ1 የሚጀምረው ከ7.0 ነው። አንዳንድ ላኪ ድርጅቶች ግን ከሕጉ አልፈው የጥቂት አገሮችን ፓስፖርት ብቻ ይቀበላሉ። ይህን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።

በክፍል ውስጥ ግን እንግሊዝኛን ተምሮ ያወቀ ሰው ከፍ ያለ ዋጋ አለው፤ ይህን የምንለው ለማጽናናት አይደለም። የግሥ ጊዜያት ለምን እንደሚምታቱ ያውቃል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ መማር ምን እንደሚመስል ያውቃል። በኢትዮጵያ 60 ተማሪ ፊት ቆሞ ያስተማረ ሰው ደግሞ 45 ተማሪ ያላት የቬትናም የሁለተኛ ደረጃ መምህርት የምታወራውን ችግር ሳይተረጎምለት ይረዳል። በ12 ተማሪ ክፍል ብቻ የሠራ ሰው የሚያመጣው ጨዋታ እዚያ አይሠራም።

በቱሪስት ቪዛ ገብቼ ባስተምርስ? ክፍያ እኮ አልቀበልም።

አይቻልም። በተደጋጋሚ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ኢ-ቪዛው እ.ኤ.አ. ከኦገስት 15 ቀን 2023 ጀምሮ ለሁሉም አገር ዜጎች ክፍት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘም ማመልከት ይችላል። እስከ 90 ቀን ያስቆያል፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25፣ ለተደጋጋሚ መግቢያ 50 ዶላር ነው። የስዊድን፣ የጀርመን፣ የጣሊያን ወይም የእንግሊዝ ፓስፖርት ያላቸው ወገኖች ያለ ቪዛ 45 ቀን ይቆያሉ። ሁለቱም ግን የማስተማር ፈቃድ አይሆኑም። የቬትናም ሕግ ሥራን የሚለየው በደመወዝ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ የሚሠራ የውጭ ዜጋ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ደንብ ከ15 እስከ 25 ሚሊዮን ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ይቀጣል፣ ከአገርም ሊባረር ይችላል። የተቀበለው ትምህርት ቤትም ይቀጣል፤ በመምህራኑ ላይ የሚመጣው ጣጣ ደግሞ ከእርስዎ መባረር የከፋ ነው።

ሕጉ ለበጎ ፈቃደኛ የራሱ መስመር አለው። ያለ ደመወዝ በፈቃዱ የሚሠራ፣ ሥራው ቬትናም ከፈረመችው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጋር የተያያዘ፣ ይህንንም በቬትናም ያለ ኤምባሲ ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅት ያረጋገጠለት ሰው ከሥራ ፈቃድ ነፃ ይሆናል። ነፃ መሆኑ ግን በራሱ አይመጣም፤ ተቀባዩ ተቋም አመልክቶ ማረጋገጫ ያወጣል፤ ለቆይታውም የሚስማማውን ቪዛ በስፖንሰርነት ያስጨርሳል። ኤምባሲም ሆነ ዓለም አቀፍ ድርጅት ከጀርባው የሌለው «በጎ ፈቃድ» በዚህ መስመር አይገባም፤ መደበኛ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሥራ ፈቃዱ ደንብ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ስለተለወጠ ከዚያ በፊት የተጻፈ መመሪያ ይዘው አይነሡ።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 63ቱ ክፍላተ አገር ወደ 34 ተጠቃለዋል፤ የወረዳ እርከንም ቀርቷል። የድሮ መመሪያዎች «የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይፈርምበታል» ይላሉ፤ ያ ቢሮ አሁን የለም። ጉዳይዎ የት እንደሚያልቅ የክፍለ አገሩን የትምህርትና ሥልጠና መምሪያ ይጠይቁ።

በመጨረሻም፣ ያደሩበት ቤት ባለቤት በ12 ሰዓት ውስጥ (በሩቅ አካባቢ በ24) ለቀበሌው ፖሊስ ሊያስመዘግብዎ ይገባል። ሆቴል ይህን በራሱ ይሠራዋል፤ በመምህር ቤት ሲያድሩ ግን ይረሳል። በገቡበት ምሽት ራስዎ ያስታውሱ። ከድንበር አካባቢ ላሉ ተራራማ ቦታዎች ደግሞ ተጨማሪ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ጥያቄው ቀድሞ ይቅረብ።

ምን ሰነድ ላዘጋጅ?

ዲግሪ፣ የማስተማር ሥልጠና ማስረጃ (120 ሰዓት የተለመደው ልክ ነው)፣ ከ6 ወር ያላለፈ የፖሊስ ማስረጃ፣ ከ12 ወር ያላለፈ የጤና ምርመራ። ከኢትዮጵያ የወጣ ዲግሪ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ጉዳዩ በሚመለከተው የቬትናም ኤምባሲ ማኅተም ያገኛል፤ ወደ ቬትናምኛ የሚተረጎመው ከዚያ በኋላ ነው። ሰነዱ የወጣው በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ከሆነ መንገዱ የሚጀምረው እዚያው ነው እንጂ በአዲስ አበባ አይደለም። የፖሊስ ማስረጃውን ቀድመው ካወጡት ሌላው ሰነድ እስኪያልቅ 6 ወሩ ይቃጠላል። ስለዚህ የመጨረሻው ይሁን።

የእኛን ሰው የሚያጋጥሙ ሁለት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው ስም ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ኢ-ቪዛውን ሲሞሉ በፓስፖርቱ ግርጌ ማሽን የሚያነባቸውን ሁለት መስመሮች አይተው ፊደል በፊደል፣ በዚያው ቅደም ተከተል ይገልብጡ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ቪዛው ዋጋ የለውም፤ የሚያውቁትም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው። ዲግሪው ላይ ስምዎ በሌላ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከተጻፈ የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አብሮ ይተርጎም።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የምስክር ወረቀቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ ለቬትናም ሠራተኛ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የወጣ ይመስለዋል፤ ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ጋርም ይጋጫል። ተቋሙ ሁለቱንም ቀኖች ጽፎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

በማን በኩል ልሂድ?

የአሜሪካ ዜግነት ላላቸው ትልቁ መስመር ሰላም ጓድ (ፒስ ኮር)፣ የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃድ ድርጅት፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ መምህራን መላክ የጀመረው ይኸው ድርጅት ከቬትናም ጋር በ2020 ተፈራርሞ የመጀመሪያዎቹን በጎ ፈቃደኞች በ2022 መጨረሻ ሃኖይ አስገብቷል። በጎ ፈቃደኛው ከቬትናማዊ መምህር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ያስተምራል፤ አገልግሎቱ ሁለት ዓመት ነው፤ ጉዞ፣ ሕክምናና የኑሮ ድጎማው ይሸፈናል።

ለሌላው ሰው የሚቀሩት የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲዎች፣ በአገሩ የተመዘገቡ የውጭ ግብረ ሠናይ ድርጅቶችና የክፍላተ አገር መምሪያዎች የሚያዘጋጁት የክረምት ሥልጠና ናቸው። አንድን ድርጅት ለመመዘን ጥቂት ጥያቄ ይበቃል፦ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ስሙ ማን ነው? በየትኛው ቪዛ ነው የምገባው? ባለፈው ዓመት የሠለጠኑት መምህራን የየትኛው ክፍል ናቸው? የምከፍለው ገንዘብ ለምን ለምን ይውላል? ሦስተኛውን መመለስ ያልቻለ ድርጅት መምህራንን አያውቃቸውም፤ የሚሸጠው ጉብኝት ነው።

መቼ ልሂድ?

የትምህርት ዓመቱ ሴፕቴምበር 5 ተከፍቶ በሜይ መጨረሻ ይዘጋል። ለመምህራን ሥልጠና የሚሆነው ጁን፣ ጁላይና ኦገስት ነው፤ ሙቀቱ ከባድ ቢሆንም ሰዎቹ የሚገኙት ያኔ ነው። በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሯሪ አጋማሽ መካከል በሚውለው ቴት፣ ማለትም በጨረቃ አዲስ ዓመት፣ ሁሉም ወደ ትውልድ መንደሩ ስለሚሄድ ምንም አይታቀድም። መካከለኛው የባሕር ዳርቻ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር አውሎ ነፋስና ጎርፍ ያገኘዋል። ሰሜኑ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ይበርዳል፤ ክፍሎቹ ማሞቂያ ስለሌላቸው ሹራብ ይያዙ። ኖቬምበር 20 የመምህራን ቀን ነው፤ በዚያ ሳምንት ካሉ ትምህርት ሳይሆን በዓል ይጠብቁ።

ሥልጠናው ራሱ እንዴት ይሠራል?

ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገር ያስልኩ፦ መምህራኑ የሚያስተምሩበትን መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ በፎቶ፣ የመጨረሻ የቋንቋ ፈተና ውጤታቸውን፣ የሚያስተምሩትን የክፍል ደረጃ። እነዚህን ሳይዙ መሄድ ለማያውቁት ሰው ልብስ መስፋት ነው።

አብዛኛው ሥልጠና የሚከሽፈው በዚህ ነው፦ በጎ ፈቃደኛው መዝሙርና ጨዋታ ይዞ ይመጣል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሴፕቴምበር ላይ መምህርቷ ወደ ድሮው ትመለሳለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ክፍለ ጊዜዋ በአንደኛ ደረጃ 35፣ ከዚያ በላይ 45 ደቂቃ ነው፤ ምዕራፉን መጨረስ አለባት፤ ፈተናም ይጠብቃታል። 20 ደቂቃ የሚበላ ጨዋታ የሚገባበት ቦታ የላትም። ስለዚህ የሚሠራው ነገር ከራሷ መጽሐፍ ገጽ ይነሣ። ለምሳሌ በገጹ ላይ ያለውን አጭር ምልልስ ሰሌዳ ላይ ይጽፉታል፤ ክፍሉ ባነበበው ቁጥር ሁለት ሦስት ቃል ያጠፋሉ፤ በአራተኛው ዙር ሰሌዳው ባዶ ሆኖ ተማሪው በቃሉ ይናገራል። 7 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ፎቶ ኮፒም አይፈልግም።

ለሁለት ሳምንት 24 መምህር ጥሩ ቁጥር ነው። ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት የራሳቸው ቋንቋ፣ ከቀኑ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ተኩል የማስተማር ዘዴ። መሃል ያለው ዕረፍት የምሳና የእንቅልፍ ነው፤ አይንኩት። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ማይክሮ ቲቺንግ (ለባልደረቦች የሚሰጥ አጭር የሙከራ ትምህርት) ያስገቡ፦ አራት ቡድን፣ በየቡድኑ ስድስት ሰው፣ እያንዳንዱ 12 ደቂቃ ያስተምራል፣ 8 ደቂቃ አስተያየት ይሰጣል። ቡድኖቹ በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ በሁለት ሰዓት 24ቱም ይደርሳቸዋል። እርስዎ በአራቱም ቡድን መገኘት ስለማይችሉ አስተያየቱን የሚሰጡት መምህራኑ ራሳቸው ናቸው፤ ወረቀታቸው ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይኑር፦ መምህሩ ስንት ደቂቃ ተናገረ? ስንት ተማሪ አፉን ከፈተ? ያልገባን ትእዛዝ የትኛው ነበር? «ጥሩ ነበር ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል።

ወንበሮቹ ብዙ ጊዜ ከባድና ለሁለት የሚሆኑ አግዳሚዎች ናቸው፤ በክብ አይደረደሩም። የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ይዙር፤ የአራት ሰው ቡድን ይሆናል። መምህርቷም በራሷ ክፍል የምታደርገው ይህንኑ ነው።

አጠራር ላይ ምን ላተኩር?

የቃል መጨረሻ ላይ። በቬትናምኛ ቃል የሚያልቀው በአናባቢ ወይም በጥቂት ተናባቢዎች (ፕ፣ ት፣ ክ፣ ም፣ ን እና «ንግ» የሚመስለው የአፍንጫ ድምፅ) ብቻ ነው፤ እነሱም ታፍነው ይቀራሉ እንጂ አይለቀቁም። እንደ «አይ» ካለ ድምፅ በኋላማ ምንም ተናባቢ አይከተልም። ስለዚህ «ናይስ»፣ «ናይፍ»ና «ናይት» ሦስቱም «ናይ» ሆነው ይወጣሉ። ችግሩ ከአጠራርም ያልፋል። የብዙ ቁጥር ምልክቱ፣ የኃላፊ ጊዜ መድረሻው፣ «ሺ ወርክስ» ላይ ያለው «ስ» ሁሉም በቃል መጨረሻ ስለሚቀመጡ አብረው ይጠፋሉ። መምህርቷ ስትጽፍ አትሳሳትም፤ ስትናገር ነው የሚጎድለው። ሰዋስው አታውቅም ብሎ ሕጉን እንደገና ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው።

የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው። «ስ» በቃል መጀመሪያ ላይ አያስቸግራቸውም። ስለዚህ ቀጥሎ በአናባቢ የሚጀምር ቃል ያስከትሉና ድምፁን ያሸጋግሩት፦ «ናይስ አይዲያ» የሚለውን «ናይ–ሳይዲያ» ብለው ያስብሉ። አሥር ጊዜ ያህል ከተባለ በኋላ ሁለተኛውን ቃል ቀስ በቀስ ያሳጥሩት፣ «ናይ–ሳ»፣ በመጨረሻ «ናይስ»። በቀን 5 ደቂቃ በየቀኑ ይሁን፤ የሁለት ሰዓት ገለጻ ምንም አይቀይርም።

የአማርኛ ተናጋሪ ችግር ተቃራኒው ነው፤ እኛ ተናባቢ ሲደራረብብን አናባቢ እንጨምራለን እንጂ አንጥልም። «ስትሪት» ስንል መሃሉ ላይ የሚሾልኩትን ድምፆች አስቀድመው በራስዎ ላይ ይቅረጹና ያድምጡ።

በቀይ ወንዝ ሸለቆ አንዳንድ አካባቢዎች «ል» እና «ን» ይለዋወጣሉ። ይህ በአገሩ ሰው ዘንድ የሚያሳፍር ተደርጎ ስለሚታይ በሰው ፊት አያርሙት፤ ለብቻ፣ ያውም ሰውየው ከጠየቀ።

ጥያቄ ስጠይቅ ሁሉም ዝም ቢለኝስ?

ዝምታው አለማወቅ አይደለም። አንጋፋዋ መምህርት ተማሪዋ በነበረች ወጣት ፊት ብትሳሳት ክብሯ ይነካል፤ ኃላፊው ክፍሉ ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ ማንም አፉን አይከፍትም። የእኛ አገር የመምህራን ሥልጠና ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሁለት ደቂቃ በጽሑፍ እንዲያስቡ ይስጡ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩ፣ ከዚያ የጓደኛቸውን ሐሳብ ይናገሩ፤ የሌላውን ሐሳብ መናገር የራስን ከመናገር ይቀላል። ኃላፊውን መክፈቻና መዝጊያ ላይ ንግግር እንዲያደርግ በክብር ይጋብዙት፤ መሃሉን ለመምህራኑ ይተውላቸው። ስሕተቶችን በማስታወሻ ይያዙና በማግስቱ ያለ ስም ሰሌዳ ላይ ያውጡ።

ሰዎቹ በስም እንዴት እንደሚጠሩ ይወቁ። የቬትናም ሙሉ ስም በቤተሰብ ስም ይጀምራል፤ ሰው የሚጠራው ግን መጨረሻ ላይ ባለው በራሱ ስም ነው። ወንድ መምህር «ታይ»፣ ሴት መምህርት «ኮ» ተብለው ስሙ ይከተላል። ዕድሜዎን ገና በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁዎታል፤ ታላቅ ወይም ታናሽ ብለው የሚጠሩዎት በዚያ ስለሆነ አይቀየሙ።

መምህራኑ «ለፈተናው አዘጋጀን» ይላሉ። ልተባበር?

አዎ፣ የተወሰነ ሰዓት ይመድቡለት። የሚፈተኑት ብዙ ጊዜ ቪስቴፕ የተባለውን የአገሪቱን ፈተና ነው። ማዳመጥ 35 ጥያቄ ወደ 40 ደቂቃ፣ ንባብ 40 ጥያቄ 60 ደቂቃ፣ ጽሑፍ 60 ደቂቃ (120 ቃል ደብዳቤና 250 ቃል ድርሰት)፣ ንግግር 12 ደቂቃ ያህል። አማካዩ ከ10 ሲሰላ ከ6.0 እስከ 8.0 ቢ2፣ ከ8.5 ጀምሮ ሲ1 ነው። ድርሰታቸውን በየምሽቱ ማረም የሚችሉት ከ8 እስከ 10 ብቻ ነው፤ ለ24ቱም ቃል ገብተው አያቋርጡ።

ጾመኛ ነኝ። ምን እበላለሁ?

ከብዙ አገር ይሻላል። «ቻይ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ቤት ሥጋ የሌለበትን የቡድሂስቶች ምግብ ይሸጣል፤ በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ብዙ ሰው ይበላዋል፤ ስለዚህ ጾምን ማስረዳት አይከብድም። አንዳንድ ቤት ግን እንቁላል ያስገባል። በተራ ምግብ ቤት «አትክልት ብቻ» ብለው ካዘዙ ከዓሣ የሚሠራው ኑክ ማም የተባለ ስጎ ውስጡ ይኖራል። ቬትናም ከዓለም ሁለተኛ ቡና ላኪ ናት፤ ቡናዋ በአብዛኛው ሮቡስታ ስለሆነ መራራና ኃይለኛ ነው፤ የረጋ ወተት እንዳይጨመርበት ጥቁሩን ይዘዙ።

ጤና፣ ገንዘብ፣ መጓጓዣስ?

ስለ ሄፓታይተስ፣ ታይፎይድ፣ የጃፓን ኢንሴፋላይትስና የእብድ ውሻ ክትባት ከስድስት ሳምንት በፊት ሐኪም ያማክሩ። የዴንጊ ትንኝ ቀን ስለምትነክስ አጎበር ብቻ አይበቃም። ሞተር ሳይክል በቬትናም የሚሠራ መንጃ ፈቃድ ሳይኖርዎ ከነዱ ኢንሹራንሱ ለአደጋው አይከፍልም። የ20 ሺህና የ500 ሺህ ዶንግ ኖቶች ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፤ ማታ ታክሲ ውስጥ 25 እጥፍ መክፈል ቀላል ነው፤ ትልልቁን ለየብቻ ይያዙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮ ወደ ሃኖይ ይበራል።

መሄድ ካልቻልኩ በኢንተርኔት መርዳት ይቻላል?

ይቻላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው እንዲያውም የተሻለ መነሻ ነው። መምህራኑ የሚጠቀሙት ዛሎ የተባለውን መልእክት መላኪያ ስለሆነ እሱን ይጫኑ። ሃኖይ ከአዲስ አበባ በ4 ሰዓት ትቀድማለች፤ እነሱ ከእራት በኋላ ከምሽቱ 1፡30 ሲቀመጡ በእኛ ከቀኑ 9፡30 ነው፤ ዱባይ ላለ ሰው ደግሞ ከቀኑ 10፡30። በዋሽንግተን እንደ ወቅቱ የ11 ወይም የ12 ሰዓት ልዩነት ስላለ ማለዳ መነሣት ግድ ነው። ቀጠሮ ሲጽፉላቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳይሆን በ24 ሰዓት አጻጻፍ «19፡30 ሃኖይ» ብለው ይላኩ። በሳምንት ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ፣ በአንድ ጊዜ ከስድስት ሰው ሳይበልጥ፣ እያንዳንዱ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስተምረውን ገጽ ይዞ ይቅረብ።